400 ኪሎ ሜትሩ የት ገባ?

በሰኔ 2017 ዓ.ም. እስራኤልና ኢራን ለ12 ቀናት ሚሳይል ሲወራወሩ፣ ኦሎምፒያ አካባቢ ካፌ ውስጥ የሚሰማው የኳስ ክርክር ለጊዜው ቦታውን ለአየር መቃወሚያ ለቅቆ ነበር። አንዱ ኤስ-400ን፣ ሌላው ፓትሪዮትን፣ ሦስተኛው አይረን ዶምን ይዞ ይሟገታል። የሁሉም መመዘኛ ግን አንድ ነው፦ ስንት ኪሎ ሜትር ይደርሳል?

በዚህ መመዘኛ ለመዳኘት ካርታ ዘርግቶ የኮምፓሱን እግር ኦሎምፒያ ላይ መትከል ይበቃል። ኢትዮጵያ ከሩሲያ እንዳስገባችው በስፋት የተዘገበው ፓንትሲር 20 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ክቡ እንጦጦንም አቃቂ ቃሊቲንም ያቅፋል። አይረን ዶም እስከ 70 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የተተኮሰ ሮኬት ለማክሸፍ የተሠራ ነው፤ በካርታው ላይ ከቢሾፍቱ ያልፋል። ኤስ-400 ደግሞ በረጅሙ ሚሳይሉ 400 ኪሎ ሜትር ስለሚደርስ፣ ድሬዳዋንና ባሕር ዳርን ውስጡ አስገብቶ ጎንደር ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ይቆማል። በካርታው ከሄድን ክርክሩ እዚህ ላይ አለቀ።

የሳዑዲ ዓረቢያ ታሪክ ግን ይህን ፍርድ ያፈርሰዋል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2019 ድሮኖችና ክሩዝ ሚሳይሎች አብቃይቅና ኩራይስ ላይ ያሉትን የነዳጅ ተቋማት መትተው የአገሪቱን ምርት ግማሽ ያህል ለጊዜው አስቆሙ። ሳዑዲ ፓትሪዮት ነበራት። ታዲያ እንዴት አለፉ?

የመልሱ አንዱ ክፍል የምድር ክብነት ነው። ራዳር ቀጥ ብሎ ያያል፤ ምድር ደግሞ ትጎብጣለች። አንቴናው ከመሬት 16 ሜትር ከፍ ቢልና ድሮኑ በ100 ሜትር ከፍታ ቢበር፣ በሜዳ ላይ እንኳ የሚታየው 58 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ነው። ሚሳይሉ 400 ኪሎ ሜትር መብረር ይችል ይሆናል፤ ያልታየ ነገር ላይ ግን አይተኮስም።

አዲስ አበባ ደግሞ ሜዳ አይደለችም። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ኦሎምፒያ ከዚያ በብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ይላል። ከእንጦጦ ጀርባ ዝቅ ብሎ የሚመጣ ድሮን፣ እዚህ ታች ለቆመ ራዳር የሚገለጠው ጋራውን ሲሻገር ነው። ያኔ የቀረው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ለሚበር ድሮን ይህ የሦስት ደቂቃ ከምናምን መንገድ ነው። ክቡ ከ400 ወደ 58፣ ከ58 ወደ 10 ወረደ።

መፍትሔው ራዳሩን ጋራው ላይ ማውጣት ነው። ከሜዳው 800 ሜትር ከፍ ካለ ቦታ ያንኑ ድሮን ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ማየት ይቻላል። ይህን ኢትዮጵያ በጦር ሜዳ አይታዋለች። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወደ ኦጋዴን ሲገባ፣ ጂጂጋ አጠገብ ካራማራ ላይ አሜሪካ ሠራሽ ራዳር ተተክሎ ነበር። በወረቀት ላይ የሶማሊያው ሚግ-21 ከኢትዮጵያው ኤፍ-5 ይፈጥናል፤ አንዱ የድምፅን ፍጥነት እጥፍ ሲደርስ ሌላው ከአንድ ተኩል ብዙም አያልፍም። የአየሩን ውጊያ ያሸነፉት ግን የኤፍ-5 አብራሪዎች ናቸው። ጠላት ከየት እንደሚመጣ የሚነግራቸው ዓይን ነበራቸው፤ ሥልጠናቸውም የጠነከረ ነበር። ሚጎችን ከጣሉት አንዱ ለገሠ ተፈራ ኋላ ተማርከው 11 ዓመት ሶማሊያ ውስጥ ታስረዋል። መስከረም 1970 ጂጂጋ ስትያዝ የካራማራ ከፍታም አብሮ ሄደ፤ የተመለሰው የካቲት 26 ቀን ነው።

ማየት ብቻውን ግን አይበቃም፤ የታየው ማን እንደሆነ መለየት አለበት። ሚያዝያ 26 ቀን 2012 ዓ.ም. ሶማሊያ ውስጥ ባርዳሌ፣ የኮሮና መከላከያ ቁሳቁስ የጫነ የኬንያ አውሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብ በኢትዮጵያ ወታደሮች ተመትቶ ወደቀ፤ ስድስት ሰዎች ሞቱ። ኢትዮጵያ የሰጠችው ማብራሪያ ወታደሮቹ ስለ በረራው አልተነገራቸውም፣ የአጥፍቶ መጥፋት ጥቃት መስሏቸዋል የሚል ነበር። እዚያ የጎደለው ከበረራ ተቆጣጣሪ የሚደርስ አንድ መልእክት ነው። መስከረም 2013 ላይ በሕዳሴ ግድብ ሰማይ በረራ ሲከለከልም ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ማንም በማይበርበት ሰማይ ላይ የሚታይ ሁሉ ወዲያው ይጠረጠራል።

ባሊስቲክ ሚሳይል ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለው። ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ምሽት ከትግራይ የተተኮሱ ሮኬቶች ባሕር ዳርና ጎንደር አየር ማረፊያዎች ላይ አነጣጠሩ፤ የጎንደሩ ጉዳት ደረሰበት። በማግስቱ አሥመራም ተተኮሰባት። 300 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባሊስቲክ ሚሳይል ወደ 75 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቶ የሚወድቀው በአራት ደቂቃ ገደማ ነው። የፓንትሲር ጣሪያ 15 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሚሳይሉ ያንን ከፍታ ሰንጥቆ መሬት እስኪደርስ የሚፈጀው ሰከንዶች ብቻ ነው። ለዚህ የተሠሩት ፓትሪዮት ፓክ-3፣ ታድና አሮው ናቸው። ፓክ-3 ኢላማውን ራሱ ተጋጭቶ ሲሰብር፣ ታድ እስከ 150 ኪሎ ሜትር ከፍታ ይወጣል፤ አሮው-3 ከከባቢ አየር ውጭ ይመታል።

እነሱም ቢሆኑ ሰው ካልጠበቃቸው ይስታሉ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1991 ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ዳህራን ላይ አንድ የፓትሪዮት ባትሪ ሳይጠፋ ከ100 ሰዓት በላይ በመሥራቱ፣ የኮምፒውተሩ ሰዓት በሰከንድ ሲሦ ያህል ተዛብቶ ነበር። በዚህ የተነሳ የኢራቁን ስከድ ሚሳይል ሰማይ ላይ የፈለገው በሌለበት ነው፤ 28 የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ። ስህተቱን የሚያርመው ፕሮግራም የደረሰው በማግስቱ ነው።

መጨረሻ ላይ ዋጋ ይመጣል። አንድ የፓክ-3 ሚሳይል ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል፤ የአይረን ዶሙ ታሚር በአሥር ሺዎች ዶላር ይገመታል፤ ሻሄድ የተባለውም ድሮን እንዲሁ። አይረን ዶም ጎበዝ የሚያሰኘው መምታቱ ብቻ ሳይሆን መተዉም ነው፤ ሮኬቱ የት እንደሚወድቅ አስልቶ ባዶ ሜዳ ላይ የሚያርፈውን ያልፈዋል። በ4 ሚሊዮን ዶላር ሚሳይል ርካሽ ድሮን የሚያሳድድ ግን ቢመታም ይከስራል፤ ጥይቱ ሲያልቅ ሌላው ድሮን ገና ይመጣል።

ስለዚህ "የትኛው ይበልጣል?" ለሚለው መልስ የለም። ፓንትሲር ለድሮን፣ አይረን ዶም ለአጭር ሮኬት፣ ኤስ-400 ከፍ ብሎ ለሚበር አውሮፕላን፣ ታድ ለባሊስቲክ ሚሳይል ተሠርተዋል፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይተካም። እንደ አዲስ አበባ በጋራ ለተከበበች ከተማ ግን ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። በቅድሚያ እንጦጦ፣ ወጨጫና ፉሪ ላይ እርስ በርስ የተያያዙ ራዳሮች፤ ቀጥሎ ከበረራ ተቆጣጣሪዎች ጋር የማይቋረጥ መስመር፤ ከዚያ የቅርብ መድፍና አጭር ሚሳይል። በዝናው የሚሸጠው ባለ 400 ኪሎ ሜትሩ የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ተራራማ አገር የመጀመሪያውን ብሯን ማውጣት ያለባት ለራዳር ነው።