የቪዡዋል ስቱዲዮ የፋይልና የላይብረሪ ማስተዳደሪያ መስኮቶች

ፕሮግራመሮች ኮድ የሚጽፉበት፣ ስሕተት የሚፈልጉበትና የጻፉትን አስተርጉመው የሚያስኬዱበት የተቀናጀ ሶፍትዌር የፕሮግራም መሥሪያ ሲባል፣ ከእነዚህ መካከል በስፋት ከሚታወቁት አንዱ የማይክሮሶፍት ምርት የሆነው ቪዡዋል ስቱዲዮ ነው። ስለ እንዲህ ያሉ መሥሪያዎች ሲነገር ትኩረት የሚያገኘው ኮዱ የሚጻፍበት ገጽ ቢሆንም፣ የፕሮጀክቱን አወቃቀር የሚወስኑት ለአፍታ ተከፍተው የሚዘጉት ትንንሽ መስኮቶች ናቸው፤ ፋይል የሚጨመረውም ሆነ ላይብረሪ የሚመረጠው በእነርሱ ነውና። ላይብረሪ ሌሎች ሰዎች አዘጋጅተውት ፕሮግራሙ እየጠራ የሚገለገልበት የኮድ ስብስብ ነው፤ ፕሮግራሙ ያለ እርሱ ስለማይሠራም በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት ጥገኝነት ይባላል።

በሲ ሻርፕ ቋንቋ በሚጻፍ ፕሮጀክት ላይ ነባር ፋይል የሚጨመርበት መስኮት የእነዚህ መስኮቶች ንድፍ የሚፈጥረውን ችግር በቅርብ ያሳያል። ከፕሮጀክቱ ፎልደር ውጭ ያለ ፋይል መርጦ «አድ» የሚለውን ቁልፍ የተጫነ ሰው፣ ፋይሉ በነበረበት ቦታ ሆኖ ከፕሮጀክቱ ጋር የተያያዘ ሊመስለው ይችላል፤ መሥሪያው ግን ምንም ሳይናገር ቅጂውን ወደ ፕሮጀክቱ ፎልደር ያስገባል፤ በመሆኑም ዋናው ፋይል በኋላ ቢታረም እርማቱ ወደ ቅጂው አይተላለፍም። ፋይሉን ሳይቀዱ ለማያያዝ የሚያስችል «አድ አዝ ሊንክ» የሚባል ምርጫ መኖሩ እውነት ነው፤ ሆኖም የተቀመጠው ከቁልፉ ጎን ካለችው ትንሽ ቀስት ሥር በመሆኑ፣ ቀስቷን ነክቶ የማያውቅ ፕሮግራመር ምርጫ እንደነበረው እንኳ ሳያውቅ ይቀራል። ሁለት የተለያየ ውጤት ያላቸው ተግባሮች እኩል መታየት ሲገባቸው አንዱን በሌላው ጀርባ መደበቅ የንድፍ ጉድለት እንጂ የተጠቃሚው ቸልተኝነት አይደለም።

የፋይሎች አያያዝ በእጅጉ የተሻሻለው መስኮቱ ስለተዋበ ሳይሆን መስኮቱ የሚሞላው መዝገብ ስለተለወጠ ነው። በቀድሞው አሠራር የፕሮጀክቱ መግለጫ ፋይል እያንዳንዱን የኮድ ፋይል በስሙ ይመዘግብ ስለነበር፣ ሁለት ፕሮግራመሮች በየፊናቸው አዲስ ፋይል ጨምረው ሥራቸውን ሲያዋሕዱ በዚያው መግለጫ ላይ ግጭት ይፈጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 እትም ዶትኔት ኮር ለሚባለው የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መድረክ የመጣው አጭሩ የመግለጫ ዓይነት ግን በፎልደሩ ውስጥ ያለን የኮድ ፋይል ሁሉ ያለ ምዝገባ የፕሮጀክቱ አካል አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ፋይሉን በፎልደሩ ውስጥ ማስቀመጥ ብቻ በቂ ሆነ፤ መስኮት ከማሻሻል ይልቅ አስፈላጊነቱን ማስቀረት የሚሻልበት ጊዜ አለ።

የላይብረሪ መምረጫው ታሪክ ይረዝማል። እስከ 2008 እትም ድረስ «አድ ሬፈረንስ» የሚባለው መስኮት የሚታወቀው በአዝጋሚነቱ ነበር፤ ተጠቃሚው የሚፈልገው በጎን ያለውን የራሱን ፕሮጀክት ብቻ ቢሆንም፣ በኮምፒውተሩ ላይ ያሉት አካላት ዝርዝር እስኪሰበሰብ መጠበቅ ግድ ይለው ነበር። የ2010 እትም መስኮቱን በፕሮጀክቶች ገጽ ከፍቶ ረጃጅሞቹን ዝርዝሮች ከጀርባ እንዲሰበስብ ተደረገ፤ በ2012 ደግሞ መስኮቱ እንደ አዲስ ተሠርቶ መፈለጊያ ሳጥን ተጨመረለት።

ሆኖም ላይብረሪው ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ ከየት ይመጣል የሚለውን ጥያቄ የመለሰው ኑጌት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ኑፓክ በሚል የመጀመሪያ ስሙ ይፋ የሆነው ይህ ሥርዓት፣ ላይብረሪዎችን ከነቨርዥን ቁጥራቸውና ከነጥገኝነት ዝርዝራቸው ጠቅልሎ ፓኬጅ በሚባል መልክ ከኢንተርኔት ያቀርባል። አንድ ፓኬጅ ሌሎችን ይዞ ይመጣል፤ ለምሳሌ የፕሮግራምን ክንውን በፋይል ላይ የሚመዘግበውን የሴሪሎግ ፓኬጅ የጫነ ሰው፣ ይህ ፓኬጅ የቆመበትን ዋናውን ሴሪሎግንም አብሮ ያገኛል። የቀድሞው የኑጌት መዝገብ ሁለቱን በአንድ ረድፍ ያሰፍራቸው ስለነበር፣ ከጊዜ በኋላ የትኛው ታስቦበት የተመረጠ፣ የትኛው ተከትሎ የመጣ እንደሆነ መለየት ያስቸግር ነበር፤ የመጀመሪያው ሲነሣም ሁለተኛው፣ አብሮ እንዲነሣ ካልታዘዘ በቀር፣ ፈላጊ ሳይኖረው ሊቀር ይችላል።

በ2015 እትም የኑጌት መስኮት ሌላውን ሥራ አግዶ ከሚቆም ሳጥንነት ወጥቶ ከኮድ ገጾች ጋር ጎን ለጎን የሚከፈት ገጽ ሆነ፤ ከመጫኑ በፊትም የሚጨመሩትን ፓኬጆች ከነቨርዥናቸው ዘርዝሮ ፈቃድ የሚጠይቅ ማሳያ አለው። ይህ ማሳያ «ዳግመኛ አታሳይ» የሚል ምልክት ማድረጊያም አብሮት መኖሩ ግን ያስገርማል፤ ከሁሉ ይበልጥ ሊነበብ የሚገባው መረጃ በአንድ ክሊክ ሊሰወር ይችላልና።

በ2017 ፓኬጆች በፕሮጀክቱ መግለጫ ውስጥ እንዲጻፉ የሚያደርገው አዲስ አመዘጋገብ ሲገባ፣ በስም የሚሰፍሩት ፕሮግራመሩ ራሱ የመረጣቸው ብቻ ሆኑ፤ ተከታዮቹን መሥሪያው እያሰላ ያመጣቸዋል። ይህ መዝገቡን ቢያጠራውም ተከታዮቹን ከዓይን አራቃቸው። በ2022 እትም ግን ተከታይ ፓኬጆች በተለየ ክፍል መታየት ጀመሩ፤ በአንዱ ላይ የማውስ ጠቋሚው ሲያርፍም ያን ፓኬጅ ያመጣው የትኛው እንደሆነ ይነገራል፤ ስለዚህ የደኅንነት ቀዳዳ የተገኘበት ፓኬጅ በፕሮጀክቱ ውስጥ ቢኖር፣ ፕሮግራመሩ መጀመሪያ ማሻሻል ያለበትን የራሱን ምርጫ ከዚያው መስኮት ላይ ማወቅ ይችላል።