ብዙ ዳይሬክተር፣ አንድ ከተማ

አንድን ከተማ ለበርካታ ዳይሬክተሮች አከፋፍሎ አንድ ፊልም ማውጣት የቆየ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው «ፓሪ ቩ ፓር» ስድስት ዳይሬክተሮችን በስድስት የፓሪስ ሰፈሮች አሰማራ፤ ጎዳር፣ ሮሜር፣ ሻብሮልና ዣን ሩሽ ነበሩበት። በ1989 ስኮርሴሲ፣ ኮፖላና ዉዲ አለን «ኒውዮርክ ስቶሪስ»ን ለሦስት ተካፈሉ። ስልቱን በዓለም ያስፋፋው ግን በ2006 የወጣው «ፓሪ ዠ ቴም» ነው፤ 18 አጫጭር ታሪኮች አሉት። ኒውዮርክ፣ ሪዮ፣ ትብሊሲና በርሊን ተከተሉ።

ከ18ቱ አንዱን የሠራው ደቡብ አፍሪካዊው ኦሊቨር ሽሚትስ ነው። በስለት የተወጋ ናይጄሪያዊ ስደተኛ አደባባይ ላይ ወድቋል፤ ልትረዳው የመጣችውን የሕክምና ባለሙያ ቡና እንጠጣ ይላታል። ከዚህ በፊት አይቷት እንደነበር የምናውቀው ቀስ በቀስ ነው። ቡናው ሲደርስ እሱ በሕይወት የለም፤ ሁለቱ ስኒዎች በእጇ ይንቀጠቀጣሉ። በአምስት ደቂቃ ገደማ የአንድ ስደተኛ ሕይወት ተነገረ። በእኔ እምነት የዚህ ዘርፍ ከፍተኛው ደረጃ ይህ ነው፤ ለጎብኚ የተዘጋጀ የከተማ ማስታወቂያ ከሚመስሉት ክፍሎች እጅግ ይበልጣል።

የስልቱ ችግር ታሪኮቹን ማያያዙ ላይ ነው። «ኒውዮርክ አይ ላቭ ዩ» ላይ ለእያንዳንዱ ዳይሬክተር የተሰጠው የቀረጻ ጊዜ አጭር ነበር፤ ታሪኮቹን የምታገናኘው ቪዲዮ ካሜራ ይዛ የምትዞር ሴት ናት። በኋላ የተለጠፈች መሆኗ ያስታውቃል። በአህጉራችን በጎተ ኢንስቲትዩት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2013 የቀረበው «አፍሪካን ሜትሮፖሊስ» ደግሞ አቢጃንን፣ ካይሮን፣ ዳካርን፣ ጆሃንስበርግን፣ ሌጎስንና ናይሮቢን አንድ አንድ አጭር ፊልም አደረሳቸው። አዲስ አበባ አልነበረችበትም።

የእኛ ሲኒማ ካሜራውን አዘውትሮ የሚተክለው አዲስ አበባ ላይ ነው። እኔ ግን ለዚህ ስልት አርባ ምንጭን እመርጣለሁ፤ ታሪኮቿ ማያያዣ አይለመንላቸውም። ላይ የሴቻ፣ ታች የሲቀላ ሰፈር፤ ማዶ አባያና ጫሞ ሐይቆች። ከአቅራቢያዋ ላንቴ ሙዝ የጫነ መኪና አዲስ አበባ ይገባል። ዶርዜ ተራራ ላይ ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ፤ ከእነዚሁ ቤተሰቦች ብዙዎቹ አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ወርደው ድርና ማግ ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ ዳይሬክተር ሽሮ ሜዳን፣ ሌላው ዶርዜን ቢይዝ፣ የሚገናኙት በእውነተኛ ዝምድና ነው።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. የሆነው ይህን ዝምድና በግልጽ ያሳያል። አዲስ አበባ አጠገብ ባለችው ቡራዩ፣ የአርባ ምንጭ አካባቢ ሕዝብ የሆኑት የጋሞ ተወላጆች መገደላቸው ሲሰማ የአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ተነሱ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። በጋሞ ባህል ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ ማለፍ ነውር ነው። ቡራዩ ያለውን ሐዘን አንዱ፣ የሽማግሌዎቹን መንበርከክ ሌላው፣ ተቆጥቶ የወጣውን ወጣት ሦስተኛው ቢቀርጽ፣ በየፊልሙ መካከል ሰው ሠራሽ ድልድይ ማቆም አያስፈልግም።

ቋንቋውም መታሰብ አለበት። የሽማግሌዎቹ ክፍል በጋሞኛ ይሁን፤ የአማርኛ ጽሑፍ ከሥር ይሂድለት። ከዳይሬክተሮቹም ቢያንስ አንዱ እዚያው አርባ ምንጭ ያደገ ይሁን።