የእንጦጦ ቅጠልና የአሲድ ጠብታ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ለሚኖር ሰው የባሕር ዛፍን ሽታ ማስረዳት አያስፈልግም። ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉ ተፈልቶ፣ ጋቢ ተከናንበን እንታጠንበታለን። ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርዱ እናቶች ወገባቸው እስኪጎብጥ ይሸከሙታል። ምጣድ ስር ገብቶ እንጀራ ይጋግራል። ሽታውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን ምንድን ነው የሚሸተው ብለን ስንቶቻችን ጠይቀናል?

ኬሚስቶች ጠይቀዋል። መልሱን ለማጣራት ከረዷቸው ነገሮች አንዱ ደግሞ አሲድ ነው።

ነገሩ ከሰፈራችን ስም ጋር ይገጥማል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ማለትም ከፈረንሳይ የዲፕሎማቶች መቀመጫ ነው። ባሕር ዛፍም ወደ አዲስ አበባ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ገደማ ነው። ከተማዋ በማገዶ እጦት ተጨንቃ ሳለ ሐሳቡን ያቀረበው ሞንዶን ቪዳዬ የተባለ ፈረንሳዊ እንደነበር ብዙ ጊዜ ይነገራል። የዘይቱን ዋና ንጥረ ነገር ለይቶ እ.ኤ.አ. በ1870 «ዩካሊፕቶል» ብሎ የሰየመውም ክሎኤዝ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው። ሲኒዮል የሚባለውም ይኸው ነው።

ሲኒዮል እንደ ቲነርና አሴቶን ሁሉ ኦርጋኒክ ሟሚ ነው። ዕቃ ላይ ተለጥፎ አልላቀቅ ያለ የስቲከር ሙጫን የባሕር ዛፍ ዘይት የሚያስለቅቀው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ሟሚ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ምን ይሆናል?

ዩኒቨርሲቲ ሳለን መምህራችን በላብራቶሪ አሳይተውናል። ዘይቱን በትንሽ ብርጭቆ አድርገው በረዶ ውስጥ አስቀመጡት። ከዚያ እንደ ማር የወፈረ ፎስፎሪክ አሲድ በጠብታ በጠብታ እየጨመሩ ያማስሉ ጀመር። እኛ ጭስና ፍንዳታ ስንጠብቅ ፈሳሹ ቀስ እያለ ወፈረ፤ ቆይቶም እንደ ረጋ ቅቤ ነጭ ጠጣር ሆነ። ቀጥለው ለብ ያለ ውሃ ሲጨምሩበት ጠጣሩ ፈረሰና ዘይቱ ተመልሶ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ክፍሉ በሽታው ታወደ። ከኋላችን አንዱ «ኧረ ይሄማ የእኛ ሰፈር ነው!» ሲል ሁላችንም ሳቅን።

ምን ተፈጠረ? አንዱ የሲኒዮል ሞለኪውል 10 ካርቦን፣ 18 ሃይድሮጅንና 1 ኦክስጅን አለው። አሲዱን የሚይዘው ያ አንድ ኦክስጅን ነው። ሁለቱ ተያይዘው ጠጣር ይሆናሉ፤ ውሃ ሲመጣ ይላቀቃሉ። ሃይድሮጅን ብሮማይድ የተባለው ብርቱ አሲድም ከሲኒዮል ጋር እንዲሁ ጠጣር ይሠራል። ላምባ ግን እንዲህ ያለ ኦክስጅን ስለሌለው አይረጋም።

ይህ ትልቅ ጥቅም ነበረው። ነጋዴ ዘይቱን በሌላ ርካሽ ነገር ቢበርዘው አሲዱ ያጋልጠዋል። የረጋው ሲኒዮል ነው፣ ያልረጋው ሌላ ነው። የድሮ የመድኃኒት መመዘኛ መጻሕፍት የባሕር ዛፍ ዘይትን የሚፈትኑት በዚሁ በፎስፎሪክ አሲድ ነበር። ዛሬ ሥራውን ጋዝ ክሮማቶግራፊ የሚባል መሣሪያ ወስዶታል፤ በአውሮፓ መመዘኛ ለመድኃኒት የሚሆን ዘይት ቢያንስ 70 በመቶ ሲኒዮል ሊኖረው ይገባል። እንዲህ ያሉ የዕፅዋት ዘይቶችን ሲመረምር የኖረው ጀርመናዊው ኦቶ ቫላክ እ.ኤ.አ. በ1910 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

አሁን ስልካችሁን ይዛችሁ «እኔም ልሞክረው፣ ቪዲዮ ይሆናል» ያላችሁ አትጠፉም። ቆይ! ያው ዘይት ድፍን ያለ ሰልፈሪክ አሲድ ቢያገኘው በሰላም አይረጋም። ይግላል፣ ይጠቁራል፣ ሊረጭም ይችላል። ዘይቱ አንድ ነው፤ አሲዱ ሲለወጥ ውጤቱ ሌላ ሆነ። የጋራዥ አሲድ፣ የሽንት ቤት ማጽጃ፣ ቲነር፣ በረኪና፣ በየሃይላንዱ ተቀድተው ስም ሳይጻፍባቸው በየቤቱ ተቀምጠዋል። ምን እንደሆነ የማታውቁትን ከምን እንደሆነ ከማታውቁት ጋር ስትቀላቅሉ ውጤቱን ቀድማችሁ ልታውቁ አትችሉም። ዓይን ደግሞ መለዋወጫ የለውም። አሲድ ቢነካችሁ ወዲያው የነካውን ልብስ አውልቁ፣ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ታጠቡ፣ ከዚያ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አትቀቡ።

ማየት የፈለገ የኬሚስትሪ መምህሩን ይጠይቅ። መነጽርና ጓንት ባለበት፣ የሚያውቅ ሰው ባለበት ሲታይ ነው ደስ የሚለው።

እኔን ግን ከሙከራው በላይ የቆረቆረኝ ሌላ ነው። ከ100 ኪሎ የነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል ከ1 እስከ 3 ኪሎ ገደማ ዘይት ይወጣል። እነዚያ እናቶች የሚሸከሙት ቅጠል ውስጥ ያለው ዘይት በእሳት ተቃጥሎ ይቀራል፤ እነሱም የሚከፈላቸው የማገዶ ዋጋ ብቻ ነው። ቅጠልን በእንፋሎት አጥርቶ ዘይት ማውጣት የሮኬት ሳይንስ አይደለም፤ በርሜል፣ ውሃ፣ እሳትና የማቀዝቀዣ ቱቦ ይበቃዋል። አረቄ የምታወጣ እናት መርሁን ታውቀዋለች። ከእናንተ መካከል ኬሚስትሪ የሚማር፣ ሥራ ፈጠራ የሚያስብ ካለ፣ ጥሬ ዕቃው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ዳገቱ ላይ ቆሟል።