ዲኤክስን ማፍጠን፦ ተረትና እውነታ

ዲኤክስ የምንላት ኮሮላና በዓለም የመኪና ወዳጆች ዘንድ ስሟ የገነነው ኤኢ86 የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1983 እስከ 1987 የተመረተችው ኤኢ86 በኋላ ጎማ መነዳቷንም ሆነ የኋላ እግሯን አሠራር የወረሰችው ከዲኤክስ ትውልድ ነው። የሚለያቸው በዋናነት ሞተሩ ነው፤ 4ኤ-ጂኢ የሚባለው 1587 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ካምሻፍትና ባለ 16 ቫልቭ ሞተር። በአውስትራሊያና በማሌዥያ ይህን ሞተር ዲኤክስ ላይ መግጠም የተለመደ ነው፤ እዚህም የሚመኙት ብዙ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለችን መኪና ማቆየት ከፍቅርም ያለፈ ጉዳይ ሆኗል። የሚያሳዝነኝ፣ በየጋራዡ እንደ ማሻሻያ ተቆጥረው የሚሠሩት ብዙዎቹ ሥራዎች መኪናዋን የሚያስረጁ መሆናቸው ነው።

«ቴርሞስታት ለቀዝቃዛ አገር ነው፤ አውጥተህ ጣለው።» ይህን ያልሰማ ባለመኪና የለም። መካኒኩ ክፉ አስቦ አይደለም፤ ተጣብቆ የቀረ ቴርሞስታት ሞተር ሲያፈላ አይቷል፣ ሲያወጣው ደግሞ ሙቀቱ ሲወርድ አይቷል። ነገር ግን ቴርሞስታት የሚፈልገው አየሩ ሳይሆን ሞተሩ ነው። ውሃው 82 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ዘግቶ በመያዝ ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ያደርጋል። ሲወጣ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ቀዝቅዞ ይሠራል። እንደ 4ኤ-ጂኢ ባለ ኢንጀክሽን ሞተር ላይ ኮምፒውተሩ «ገና አልሞቀም» ብሎ ቤንዚን ይጨምራል፤ ትርፉ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፣ በዘይቱ ውስጥ ያለው እርጥበትም ሳይተን ይቀራል። ቴርሞስታቱ ሁለት መተላለፊያ በሚቆጣጠርባቸው ሞተሮች ላይማ ጭራሽ የሚብስ ነገር አለ፦ ሲወጣ ከሙቁ ውሃ ከፊሉ ራዲያተር ሳይደርስ ተመልሶ ይዞራል። የሚፈላን ሞተር ለማዳን የተወሰደው እርምጃ ራሱ ያፈላዋል። አዲስ ቴርሞስታት ከቴስታታ ጓርኒሲዮን ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምንም አይደለም።

ከቴርሞስታቱ አጠገብ ማንም ልብ የማይላት ዕቃ አለች፦ የራዲያተር ክዳን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,355 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች ክፍት ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ደጋ ላይ ሽምብራ ቶሎ የማይበስለው በዚሁ ምክንያት ነው። ጤነኛ ክዳን ውስጡን ግፊት ስለሚያጠራቅም የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎማዋ የደረቀ ክዳን ግን ግፊቱን ስለማትይዝ ውሃው እንደ ክፍት ድስት 92 ላይ ይፈላል። ባለቤቱ ራዲያተር ያስቀይራል፣ ፓምፕ ያስቀይራል፤ ጥፋቱ የነበረው ግን ክዳኗ ላይ ነው። «ንጹሕ ውሃ ይበቃል» የሚለውም እንዲሁ ስሕተት ነው። የ4ኤ-ጂኢ ብሎክ ብረት፣ ቴስታታው ደግሞ አልሙኒየም ነው። ኩላንት ከመፍላትና በረዶ ከመሆን መከላከያነቱ ሌላ ዝገት መከላከያም አለው፤ ባዶ ውሃ ግን አልሙኒየሙን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

«ሞላውን አስቆርጠህ ዝቅ አድርጋት፣ መንገድ ትይዛለች።» ዝቅ ያለች ዲኤክስ ዓይን ትማርካለች፣ አልክድም። በሙያው ዝቅ ማድረግም ይቻላል፦ ለዚያው የተሠራ አጭር ሞላ፣ ከሱ ጋር የሚስማማ ሾክ አብዞርበር። የተቆረጠ ሞላ ግን ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ይላላና ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል፤ በእሳት የተለበለበው ደግሞ የብረቱን ጥንካሬ አጥቷል። ከሁሉ የሚደንቀው ሌላ ነው። በዲኤክስም ሆነ በኤኢ86 የፊት እግር አሠራር መኪናዋ ከልክ በላይ ዝቅ ስትል የታችኞቹ ክንዶች ወደ ላይ ያጋድላሉ። ያን ጊዜ አካሏ የሚወዛወዝበት ማዕከል ከመኪናዋ የክብደት ማዕከል ይበልጥ ፈጥኖ ወደ መሬት ይወርዳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ስለሚሰፋ ኩርባ ላይ ወደ ጎን ማዘንበሏ ሊጨምር ይችላል። መሪዋም በየጉብታው በራሱ ይጎትታል። እንድትይዝ የተደረገች መኪና የባሰ ትለቃለች፤ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ሥቃይ ነው።

ስለ ማርሚታ ብዙ አልልም። ድምፅ ጉልበት አይደለም። ከሞተሩ ልክ በላይ የሰፋ ቱቦ የጭሱን ፍጥነት ይቀንሳል፤ በዝቅተኛ ዙር፣ ማለትም ከተማ ውስጥ በምንነዳበት ዙር፣ ጉልበት ይጠፋል።

«ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን ጉልበት ይጨምራል።» ኦክቴን የሚለካው ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እንዳይፈነዳ ያለውን ትዕግሥት እንጂ የያዘውን ኃይል አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ገና ሳይነሣ ያጣል። በጃፓን 130 የፈረስ ጉልበት የተባለለት 4ኤ-ጂኢ እዚህ ወደ 100 ይጠጋል። ሲሊንደሩ የሚጨምቀው አየር ስላነሰ ያለ ጊዜው የመፈንዳት አደጋውም ያንሳል፤ በአሜሪካዋ ተራራማ ኮሎራዶ ሌላው አገር 87 በሚሸጥበት ቦታ 85 ኦክቴን የሚሸጠው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከጠረፍ ከተማ የመጣ ምክር ሁሉ እንዳለ አይገለበጥም። ለጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራተር ለምሳሌ እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥቁር ሆኖ ከወጣ ጥፋቱ የቤንዚኑ ጥራት ነው ብሎ ከመደምደም በፊት ካርቡራተሩን ማስተካከል ይቀድማል።

«የፍሬን ዘይት አይቀየርም፤ ሲጎድል ነው የሚሞላው።» ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የተባለው ዓይነት ትኩስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ ፍሬን እየያዙ ከወረዱ ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉ እስከ ወለል ይሰምጣል። በየሁለት ዓመቱ መቀየር፣ ቁልቁለት ላይም በከባድ ማርሽ መውረድ ነው መፍትሔው። ፊቱ የተበሳሳ ውድ የፍሬን ዲስክ ከመግዛት ይህ ይቀድማል።

ቶዮታ ራሱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 በጂአር ሄሪቴጅ ፓርትስ ሥራው የኤኢ86ን ዕቃዎች እንደገና ሲያመርት መጀመሪያ ከመረጣቸው መካከል የኋላ ፍሬን ካሊፐርና የመሪ ክንድ ይገኙበታል። እኔም 4ኤ-ጂኢ ልግጠም የሚለኝን ወጣት የምጠይቀው መጀመሪያ ስለ ፍሬኑ ነው፤ ቀጥሎ ስለ ሊብሬው፣ የሞተር ቁጥር የሚመዘገበው እዚያ ላይ ስለሆነ።

ሞተሩን ሲገዛም የሲሊንደሮቹን ግፊት ሳያስለካ ገንዘብ እንዳይከፍል እነግረዋለሁ። ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ይለካል። የአምራቹ መጽሐፍ 180 ፒኤስአይ ካለና አዲስ አበባ ላይ አራቱም ሲሊንደሮች 135 አካባቢ ካሳዩ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ የጎደለውን የወሰደው ከፍታው ነው። ሦስቱ 135 አሳይተው አንዱ 100 ላይ ከቆመ ግን ሻጩ የፈለገውን ያህል ዋጋ ቢቀንስ አይገዛም።