ከፋይበርግላሱ ሥር ያለው እንጨት

አሮጌ ፈጣን ጀልባ ሊገዛ የሄደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያስከፍተው የሞተሩን ኮፈን ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ሞተሩን አሳጥቦ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ቱቦውን ሁሉ አዲስ አድርጎ ይጠብቃል። እኔ ግን ሞተሩ በመጨረሻ ቢታይ ይሻላል ባይ ነኝ። የተበላሸ ሞተር ወርዶ ይጠገናል፤ ካልሆነም ይለወጣል። ውስጡ የበሰበሰ ጀልባ ግን ባለቤቱን ከገዛበት ዋጋ በላይ አስወጥቶት፣ ጥገናው ሳያልቅ ሸራ ለብሶ ግቢ ውስጥ ይቀራል። ከዚህም የሚከፋው መበስበሱ ሳይታወቅ ሰው ተጭኖበት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ነው።

ነገሬ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ በ80ዎቹና በ90ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ስለተሠሩት፣ አፍንጫቸው ስለረዘመና ወገባቸው ስለቀጠነ የሩጫ ዝርያ ጀልባዎች ነው። ፎርሙላ፣ ዶንዚ፣ ማግነምና ሲጋሬት የተባሉትን አራቱንም ስሞች የመሠረታቸው አንድ ሰው ነው፤ ዶን አሮኖው። ከማያሚ በስተሰሜን ባለው 188ኛ ጎዳና ላይ አንዱን ፋብሪካ እየሸጠ ሌላውን ሲከፍት ኖሮ፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1987 እዚያው ጎዳና ላይ በጥይት ተገደለ። የጀልባዎቹ ምስጢር ግን ከእሱ ይቀድማል። ሬይ ሀንት የተባለው ነዳፊ የጀልባውን ሆድ እስከ ኋላ ድረስ በሹል V ቅርጽ አወረደው። ዲክ በርትራም በዚህ ቅርጽ በተሠራችው “ሞፒ” በ1960 ከማያሚ እስከ ናሳው በተደረገው ውድድር፣ ባሕሩ እየተናወጠ አንደኛ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የብዙዎቹ ፈጣን ጀልባዎች ሆድ ኋላቸው ላይ 24 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ ነው። እንዲህ ያለው ሆድ ማዕበሉን እየሰነጠቀ ይሄዳል እንጂ በጠፍጣፋው አይወድቅበትም። ቢሆንም ከማዕበል አናት ተነስቶ ባረፈ ቁጥር ምቱን የሚችለው አካሉ ነው፤ ሠላሳና አርባ ዓመት ሲመታ የኖረ አካል።

ከውጭ ሲያዩት ሁሉም ፋይበርግላስ ይመስላል። በዚያ ዘመን በተሠሩት በአብዛኞቹ ውስጥ ግን ጉልበቱ ያለው እንጨት ላይ ነው። ከወለሉ ሥር ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጉት ተሸካሚዎች፣ ስትሪንገር የሚባሉት፣ ፋይበርግላስ የለበሰ እንጨት ወይም ኮምፔንሳቶ ናቸው። ሞተሩ የሚታሰረው እነሱ ላይ ነው። ትራንሰም የሚባለው የኋላ ግድግዳም በሁለት የፋይበርግላስ ሽፋን መካከል የተጣበቀ ወፍራም ኮምፔንሳቶ ነው፤ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ድራይቭ የተንጠለጠለው በእሱ ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው ከትንሽ ነገር ነው። አንዱ ባለቤት መወጣጫ ወይም የጥልቀት መለኪያ ሊገጥም ብሎን ያስገባል፤ ቀዳዳውን በማስቲሽ ሳይደፍን ይተወዋል። ውሃው በዚያች ቀዳዳ ገብቶ እንጨቱን ለዓመታት ሲያርሰው ይኖራል። ፋይበርግላሱ ከላይ እንዳማረበት ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ጭንቅላቷ ፕላስቲክ የሆነ ትንሽ መዶሻ ነው። ገበያ ላይ እንስራ የምትገዛ ሴት በጣቷ ቆርቆር አድርጋ ድምፁን እንደምትሰማው፣ ትራንሰሙንም በየስንዝሩ ቀስ እያሉ መምታት ነው። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጥቶ መዶሻዋን መልሶ ያነጥራታል። የራሰው ጋ ሲደርሱ ድምፁ ይታፈናል፤ መዶሻዋም አትነጥርም። ከድራይቩ ዙሪያ፣ ከውሃ ማፍሰሻው ቀዳዳ አጠገብ፣ ከታችኛው ጠርዝ መጀመር ይበጃል፤ ውሃ የሚቋጥረው እዚያ ነው። ቀጥሎ አንድ ሰው ድራይቩን ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ይግፋ፤ ሌላው ትራንሰሙን ይይ። ግድግዳው ከድራይቩ ጋር ከተነቃነቀ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ውስጥ ገብተው የሞተሩን ማሰሪያ ብሎኖች በቁልፍ ይሞክሩ፤ ሳይጠብቅ ዝም ብሎ የሚዞር ብሎን እንጨቱ እንደለቀቀው ይናገራል። ጥርጣሬ ካለና ባለቤቱ ከፈቀደ፣ ከውስጥ በኩል በቀጭን መሰርሰሪያ ስትሪንገሩን መብሳት ይቻላል። የሚወጣው ፍርፋሪ ደረቅና ብጫማ ከሆነ ደስ ይበልዎት። ጠቁሮና ረጥቦ መሰርሰሪያው ላይ ከተጣበቀ ዋጋ መከራከሩን ትተው መሄድ ነው። ደህና ከሆነም ቀዳዳውን በኢፖክሲ ደፍኖ መመለስ የገዢው ግዴታ ነው።

ከጀልባው ሥር ተኝቶ ሆዱን ማየትም አይቀርም። ከአንድ ነጥብ የሚበታተኑ ስስ ስንጥቆች አንዳንዴ የላይኛው ሽፋን ብቻ ናቸው፤ የስትሪንገሩን መስመር ተከትሎ የሚሄድ ረዥም ስንጥቅ ግን ዱላው ወደ ውስጥ እንደዘለቀ ያሳያል። ረዥም ቀጥ ያለ ብረት ሆዱ ላይ ሲያስደግፉ ኋላው አካባቢ ጎድጎድ ካለ፣ ጀልባው በማይመጥነው ተሳቢ ላይ ለዓመታት ተኝቶ ጎብጧል። እንዲህ ያለው ጀልባ ሲፈጥን አፍንጫውን ይደፋል።

አሁን ወደ ሞተሩ። አብዛኞቹ የጄኔራል ሞተርስ ትልቁ ስምንት ሲሊንደር ናቸው፤ 454 የሚባለው 7.4 ሊትር፣ 502 የሚባለው 8.2 ሊትር። የጭነት መኪና ሞተር ዘመድ ቢሆኑም ኑሯቸው ከባድ ነው፤ ውሃ ላይ ቁልቁለት የለም፣ ሞተሩ ሁልጊዜ ይጎትታል። የሰዓት ቆጣሪውን ቁጥር አይመኑ፣ በቀላሉ ይለወጣል። ሻጩ ቀድሞ እንዳያስነሳው ይንገሩትና ሲደርሱ እጅዎን ብሎኩ ላይ ያድርጉ፤ ሞቆ ከጠበቀዎት ቀዝቅዞ ሲነሳ የሚያሳየውን ጠባይ ሊደብቅ ይሆናል። ካንዴላዎቹ ወጥተው የስምንቱም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ይለካ። ከቁጥሩ ከፍታ ይልቅ መቀራረቡ ይበልጣል፤ በትልቁና በትንሹ መካከል ከ10 በመቶ ያለፈ ልዩነት ጥያቄ ያስነሳል። ካንዴላ ላይ ዝገት ካዩ ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ውሃው የሚገባው ብዙ ጊዜ በጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ነው። የጀልባ ጭስ ማውጫ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው በሚሄድ ውሃ ነው፤ ባሕር ላይ የኖረ ከሆነ ጨው ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ስለዚህ ጨው ውሃ ላይ በየ5 እስከ 7 ዓመቱ መለወጥ የተለመደ ነው። መቼ እንደተለወጠ ደረሰኝ ይጠይቁ። ከሚዙሪው ኦዛርክስ ሐይቅ ወይም ከአሪዞናው ሃቫሱ ሐይቅ የመጣ ጀልባ ከፍሎሪዳው ይልቅ የሚፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ ወገኖች የሚቀርባችሁ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ውሃው ከፊል ጨው ስለሆነ እዚያ የኖረም እንደ ባሕር ጀልባ ይመርመር። በረዶ አገር የከረመው ደግሞ ሌላ ሕመም አለው፤ ውሃው ሳይፈስስለት ከቀዘቀዘ ብሎኩ ጎኑ ላይ ይሰነጠቃል። አዲስ ቀለም ሥር በሙጫ የተደፈነ መስመር እንዳለ በባትሪ ብርሃን ይፈልጉ።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ ነፍስ የሚያጠፋ ነውና። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ከጀልባው ሆድ ውስጥ ይተኛል። የጀልባ ሞተሪኖና ዲናሞ ብልጭታው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ተደርገው የተሠሩት ለዚህ ነው። የመኪናው ግን ቅርጹ አንድ ሆኖ ዋጋው ስለሚረክስ፣ ብር የቆጠበ ባለቤት የመኪናውን ይገጥመዋል። የያንዳንዱን ዕቃ መለያ ያንብቡ፤ ለጀልባ ስለመሠራቱ ካልተጻፈበት ሞተሩን አያስነሱ። የአየር ማስወጫ ፋኑም ከማስነሳት በፊት ቢያንስ ለ4 ደቂቃ ይሥራ።

ድራይቩ አጭር ግን ውድ ምዕራፍ ነው። ዘይቱን ትንሽ ያስቀዱ፤ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ የብረት ብናኝ ካብለጨለጨበት ጥርሱ እየተበላ ነው። ከትራንሰሙ ጋር የሚያገናኙትን እጥፋት ያላቸውን ጎማዎች ዘርግተው ስንጥቅ ይፈልጉ፤ ጎማው ከተቀደደ ውሃ ወደ ኩሽኔታውና ወደ ክሮቸራው ይደርሳል፣ ቸል ከተባለም ጀልባውን ያሰጥማል። መሪው ሲዞር የሚያጉረመርም ድምፅ የኩሽኔታው ነው። ድራይቩን በእጅ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲወዘውዙት ክፍተት ካለው፣ ያ ክፍተት በፍጥነት ጊዜ ጀልባውን ከጎን ወደ ጎን ያናውጠዋል። የነዳጁን ታንክ በዓይን ማየት አስቸጋሪ ነው፤ ብዙ ጊዜ የአሉሚኒየም ሆኖ በፎም ተከቦ ወለሉ ሥር ተቀብሯል። የቤንዚን ሽታ ከሸተተ ታንኩን ለማውጣት ወለሉ እንደሚቆረጥ አስልተው ይደራደሩ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ውሃ ላይ መውጣት ነው፤ ሳይነዳ አይገዛም። ነዳጅ ሙሉ ሲሰጠው አምራቹ መመሪያው ላይ የጻፈው የዙር ፍጥነት ላይ መድረሱን፣ ዘይቱ ሲሞቅ ግፊቱ አለመውደቁን፣ ሙቀቱ ጸንቶ መቆየቱን ይዩ። የሞተር ማጥፊያው ገመድ ከነጂው ጋር ይታሰር፤ ከ2021 ጀምሮ በአሜሪካ የፌደራል ሕግ ማጥፊያው ላላቸው ከ26 ጫማ በታች ለሆኑ ጀልባዎች ግዴታ ነው፣ ለሚበልጡትም መታሰር አለበት እላለሁ። ተመልሰው ኮፈኑን ሲከፍቱ ሲነሱ ያልነበረ ውሃ ወይም ዘይት ሆዱ ውስጥ ካለ፣ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ አይውረዱ። የነዳጁንም ፍጆታ ይገምቱ፤ 500 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በሙሉ ኃይሉ ሲሄድ በሰዓት ወደ 190 ሊትር ይጠጣል። ሁለት ሞተር ካለው ጥገናውም ነዳጁም በሁለት ይባዛል።

ወረቀቱ ላይ ያለው 12 ቁምፊ የአካል መለያ ቁጥር ትራንሰሙ ላይ በስተቀኝ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆን አለበት። ተሳቢው የራሱ ወረቀት አለው፤ ፍሬኑ፣ ኩሽኔታውና የጎማው የምርት ዘመን ለብቻ ይታያል። ኢንሹራንስ ድርጅቶች አሮጌና ፈጣን ጀልባ ስለማይወዱ ዋጋቸውን ቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። ገለልተኛ መርማሪ ይቅጠሩ፤ ሻጩ የመረጠው አይሁን። ቀብድ ከመስጠትዎ በፊትም፣ ምርመራውና የውሃ ላይ ሙከራው ካላረካዎት ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ ውሉ ላይ ያስጽፉ። ይህችን አንድ መስመር አልጽፍም ካለ ሻጭ ጋር ወደ መዶሻው መሄድም አያስፈልግም።