የተሰነጠቀ ሻንሲ በብየዳ ብቻ አይድንም

ሰኔ ግም ሲል፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ከመጋዘን ወደ ቀበሌ በሚጓጓዝበት ወቅት የማኅበሩ መኪና ብትቆም ምን እንደሚከተል የማያውቅ የገበሬ ማኅበር መሪ የለም። ዘር ጊዜውን ያልፋል፤ በምጥ የተያዘች እናትም በቃሬዛ ወንዝ መሻገር ግድ ይሆንባታል። መኪና በቆመ ቁጥር ቀድሞ የሚጠረጠረው ሞተሩ ነው። ይሁን እንጂ እንደ ላንድክሩዘርና ላንድሮቨር ያሉት ለገጠር መንገድ የተሠሩ መኪናዎች ሞተራቸው ደኅና ሆኖ ሳለ፣ ሌላውን ሁሉ የተሸከመው ሻንሲ ከሥር ተሰንጥቆ ከሥራ ውጭ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ስንጥቁ ሲታይ መኪናዋ ወደ በያጅ ትወሰዳለች፤ በግማሽ ቀን ተበይዳ ትመለሳለች፤ ብዙም ሳይቆይ ከብየዳው ጎን ዳግመኛ ትሰነጠቃለች። ማኅበሩ ለአንድ ስብራት ሁለትና ሦስት ጊዜ ይከፍላል ማለት ነው።

ለዚህ በያጁን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ አይገባም። እርሱ የታዘዘውን ሠርቷል። የበሬው ጫንቃ ሲላጥ ቅባት ቀብቶ ያንኑ የሚልጠውን ቀንበር መልሶ የሚጭን ገበሬ የለም፤ ቀንበሩን አገላብጦ ያያል። በመኪናው ላይ ግን ቁስሉ ይታከማል እንጂ ቀንበሩ አይታይም።

ሻንሲ ከፊት እስከ ኋላ በተዘረጉ ሁለት ረጃጅም ብረቶችና እነርሱን በሚያያይዙ አግዳሚዎች የተሠራ መሰላል መሳይ አካል ነው። ሞተሩ፣ ጋቢናው፣ የጭነቱ ሳጥን፣ ባሌስትራውና መሪው ሁሉ የሚታሰሩት በእርሱ ላይ ነው። መኪናዋ ቦይ ስትሻገር አንዱ የፊት ጎማ ወርዶ በሰያፍ ያለው የኋላ ጎማ ሲነሣ ሻንሲው ይጠመዘዛል፤ በመጠኑ እንዲጠመዘዝም ሆኖ ነው የተሠራው። ነገር ግን ሽቦ ደጋግመው ሲያጥፉትና ሲያቀኑት በመጨረሻ ያለ ብዙ ጉልበት እንደሚበጠስ ሁሉ፣ ብረቱም በአንድ ቦታ ከልክ በላይ ከተመላለሰበት ይደክማል። ድካሙ የሚወጣው ቀዳዳ ባለበት፣ የቀድሞ ብየዳ በሚያበቃበትና ቅርጹ በድንገት በሚለወጥበት ቦታ ነው። ስለሆነም ስንጥቅ ሲፈለግ አስቀድሞ መታየት ያለባቸው የባሌስትራው ማሰሪያዎች፣ አሞርዛተሩ የታሰረበት ቦታ፣ የመሪው ሳጥን የተቀመጠበት ጎን፣ በፒክአፕ መኪናም ከጋቢናው ጀርባ በጋቢናውና በጭነቱ ሳጥን መካከል ያለው ክፍል ናቸው።

እንደ በቾና እንደ እነዋሪ ባሉ የዋልካ አፈር ባለባቸው አገሮች ነገሩ ይብሳል። በክረምት ጎማ የቆፈረው ጭቃ በበጋ እንደ ድንጋይ ደርቆ ይጠብቃል። በጠጠር መንገድም እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበው መሬት ሻንሲውን ያለ ዕረፍት ያንዘፈዝፈዋል። አሞርዛተሩ ከሞተ ወይም ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር አቅፎ የያዘው ቡሎን ከላላ ያ ሁሉ ምት በቀጥታ ወደ ሻንሲው ይሄዳል።

ከሁሉም የሚብሰው ግን ጭነት ነው። አንድ የማዳበሪያ ከረጢት 50 ኪሎ ነው። በአንዲት ፒክአፕ ላይ 20 ከረጢት ቢጫን 10 ኩንታል ሆነ። ከላይ እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ የሚመዝኑ 8 ሰዎች ቢሳፈሩ ሌላ 480 ኪሎ ተጨመረ፤ በድምሩ 15 ኩንታል ሊሞላ ጥቂት ቀረው። መኪናዋ ልትሸከም የተፈቀደላት ምን ያህል እንደሆነ በሊብሬው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሊብሬው በጸሐፊው ሣጥን ተቆልፎ ስለሚቀመጥ ጫኚዎቹ አያዩትም። ቁጥሩ በጭነቱ ሳጥን ላይ በቀለም ቢጻፍ ምንም ወጪ የለውም። ጭነቱ ከኋላ አክስል አልፎ ወደ መጨረሻው ጫፍ ሲከማችም ክብደቱ ያው ሆኖ ጉዳቱ ይጨምራል፤ ሻንሲው ከጋቢናው ጀርባ እንደ ቀስት ይጎብጣልና።

እዚህ ላይ በብዙ ቦታ የተለመደ አንድ ስሕተት አለ። መኪናዋ ከኋላ ስትጎብጥ ባሌስትራ ማስጨመር እንደ መፍትሔ ይቆጠራል። የተጨመረው ቅጠል ባሌስትራውን ያደነድነዋል እንጂ ሻንሲውን አያጠነክረውም። መኪናዋ ቀጥ ብላ ስለምትታይ ተጨማሪ ጭነት ይጋብዛል፤ ባሌስትራው ያበርደው የነበረው ምትም ወደ ሻንሲው ይተላለፋል።

ስንጥቅን ቀድሞ ለማግኘት የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም። የሻንሲው ጭቃ በደንብ ይታጠባል፤ የተጠረጠረው ቦታ በሽቦ ብሩሽ ይጠረጋል። በቀለም ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቡናማ የዝገት መስመር ከታየ ጥርጣሬው ከባድ ነው። ለማረጋገጥ ቦታው በላምባ ይቀባና ሩብ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ከዚያም በጨርቅ ደርቆ እስኪወለወል ከተጠረገ በኋላ የተፈጨ ጠመኔ ይነሰነስበታል። ስንጥቅ ካለ ውስጥ የገባው ላምባ ወደ ጠመኔው ወጥቶ መስመሩን ያሳያል። ይህ ሥራ እሳትና ብየዳ ከሌለበት ቦታ መሆን አለበት። ሾፌሩም የሚያስተውለው ነገር አለ፤ ቀድሞ በቀላሉ ይዘጋ የነበረ በር አልገጥም ካለ፣ ወይም በጋቢናውና በጭነቱ ሳጥን መካከል ያለው ክፍተት ከላይና ከታች እኩል መሆኑ ከቀረ ነገሩን ለማኅበሩ ማስታወቅ ይገባዋል። መሪው ሲዞር የመሪው ሳጥን አብሮ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን መኪናዋ በዚያው ቀን መቆም አለባት። እስከ ከተማ ትድረስ ተብሎ በገደል መንገድ ላይ ሰው ጭኖ መሄድ የማይገባ ድፍረት ነው።

ወደ ጥገናው ሲገባ መኪናዋ ጭነቷን አራግፋ በደልዳላ መሬት ላይ ትቆማለች። ሻንሲው በክሪክና በጠንካራ ድጋፍ ተይዞ ስንጥቁ እስኪገጥም ይስተካከላል፤ መጣመም አለመጣመሙም ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ በተወጠረ ሲባጎ ይለካል። የባትሪው ገመድ ይፈታል፤ ኮምፒዩተር ባላቸው አዳዲስ መኪናዎች ይህን መዝለል ብዙ ወጪ ያስከትላል። የነዳጁ ሳልባትዮ ቅርብ ከሆነ ይወርዳል። ባዶ ነው ተብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ባዶ ሳልባትዮ ውስጥ የቀረው ትነት ከሞላው ይልቅ ሊፈነዳ ይችላል። የፍሬን ቱቦዎች ይሸፈናሉ ወይም ይነሣሉ።

ከዚያ በኋላ የስንጥቁ ጫፍ ተፈልጎ ከጫፉ ጥቂት አለፍ ብሎ በትራፓኖ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ይበሳል። ስንጥቅን የሚያስኬደው የጫፉ ስለት ነውና፣ ክብ ቀዳዳ ጉዞውን ይገታዋል። ቀጥሎ ስንጥቁ በግራይንደር እንደ ቦይ ተከፍቶ ብየዳው እስከ ሥሩ እንዲገባ ይደረጋል። ስንጥቁን ሳይከፍቱ ከላይ ብቻ መበየድ ቁስልን ሳያጥቡ እንደ መስፋት ነው። ለዚህ ሥራ ተስማሚ የሆነው ኤሌክትሮድ ቁጥሩ 7018 የሆነው ነው። ይህ ኤሌክትሮድ እርጥበት ስለሚስብ ከማድረቂያ ምድጃ ወይም ካልተከፈተ እሽግ የወጣ መሆን ይኖርበታል። ለበርና ለመስኮት የሚበቃው 6013 በየሱቁ ስለሚገኝ ብቻ መመረጥ የለበትም፤ በር የሚበይድ ሁሉም ሻንሲ ይበይዳል ማለት አይደለም። ብየዳው በአጫጭሩ እየተቆራረጠ ይሠራል፤ ቶሎ እንዲበርድ ተብሎ ውኃ አይደፋበትም።

የማጠናከሪያው ላሜራ ጉዳይ ከሁሉም በላይ ትኩረት ያሻዋል። ብዙ ሰው ወፍራም ላሜራ የተሻለ ይመስለዋል። ላሜራው ከሻንሲው ብረት ከወፈረ በዚያ ቦታ ሻንሲው ፈጽሞ አልታጠፍ ይላል፤ መታጠፉም ሁሉ ላሜራው በሚያበቃበት መስመር ላይ ይከማቻል፤ አዲሱ ስንጥቅ የሚወለደው በዚያ ነው። ስለዚህ ውፍረቱ ከሻንሲው ብረት ያልበለጠ፣ ከስንጥቁ በሁለቱም በኩል በደንብ አልፎ የሚሄድ፣ ጫፎቹም እንደ ሳጥን ቀጥ ብለው የተቆረጡ ሳይሆኑ እየጠበቡ የሚያልቁና ማዕዘኖቻቸው የተለዘቡ ሊሆኑ ይገባል። ብየዳው በላሜራው ርዝመት በኩል ይሄዳል እንጂ ሻንሲውን ከላይ ወደ ታች አቋርጦ አይበየድም። የሻንሲው የላይና የታች ጠርዝም ከማጋደሚያ ብየዳ ሊጠበቅ ይገባል፤ ክብደቱን የሚሸከሙት እነርሱ ናቸውና። የላሜራው ጫፍ በባሌስትራው ማሰሪያ ወይም በቀዳዳ አጠገብ እንዳያርፍም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንዳንድ ከባድ የጭነት መኪናዎች ሻንሲያቸው በሙቀት የጠነከረ ብረት ስለሆነ አምራቾቹ ብየዳን ይከለክላሉ፤ እንዲህ ያለው የመኪናውን መጽሐፍ ሳያዩ አይነካም።

የማኅበሩ መሪ ይህን ሁሉ በእጁ አይሠራም። ውሉን የሚፈርመው ግን እርሱ ነው። “ሻንሲ ለመበየድ” ብቻ ተብሎ በሚጻፍ ውል ጋራዡ ምን እንደሠራ መጠየቅ አይቻልም። ስንጥቁ መከፈቱ፣ ጫፉ መበሳቱ፣ የኤሌክትሮዱ ቁጥር፣ የላሜራው ውፍረትና ቅርጽ፣ የላላው ቡሎንና የሞተው አሞርዛተር መለወጡ ተለይቶ ይጻፍ። ከኮሚቴው አንድ ሰው ሁለት ጊዜ በቦታው ይገኝ፤ ስንጥቁ ተከፍቶ ብየዳ ሳይጀመርና ላሜራው ተበይዶ ቀለም ሳይቀባ። ቀለም ከተቀባ በኋላ የሚታይ ነገር የለም።

የሻንሲ ቁጥሩም አይዘንጋ። በብዙ የላንድክሩዘር ዓይነቶች ቁጥሩ የተመታው በቀኝ በኩል ከፊት ጎማው አጠገብ በሻንሲው ላይ ነው። በዚያ አካባቢ የሚሠራ ጥገና ቁጥሩን ከፋቀው ወይም በላሜራ ከሸፈነው መኪናዋ ለዓመታዊ ምርመራ ስትቀርብ ወይም ስትሸጥ ማኅበሩ የማይወጣው ጣጣ ውስጥ ይገባል።

የማይጠገን ሻንሲም አለ። በተለይ በቀጭን ላሜራ እንደ ሳጥን ተዘግተው በተሠሩት በድሮዎቹ ላንድሮቨሮች ዝገቱ የሚጀምረው ከውስጥ ነው። በመዶሻ ሲመታ ድምፁ የታፈነ ከሆነ ወይም ብረቱ ከተሰረጎደ የሚበየድበት ጤነኛ ብረት የለም። ሻንሲውን በሙሉ መለወጥ ወይም መኪናዋን ማሰናበት ለጠቅላላ ጉባኤ መቅረብ ያለበት ውሳኔ ነው።

ጥገናው ሲያልቅ ቦታው ፀረ ዝገት ይቀባል፤ ከላይ የሚቀባው ቀለም ነጭ ወይም ሌላ ብሩህ ቀለም ቢሆን ይመረጣል። ስንጥቅ ተመልሶ ቢጀምር ቡናማው መስመር በነጩ ላይ ወዲያው ይታያል፤ መኪናዋን የሚያጥበው ልጅም ቢሆን አይቶ ሊናገር ይችላል። የመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮች እንዳለቁ ቡሎኖቹ ሁሉ ዳግመኛ ይጠበቁ።