የአበበን ስም ማን ያዝዝበታል?

ያዮ ላይ፣ ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ካፌ ሊከፍት ያሰበ አንድ የሰፈራችን ወጣት ሰሞኑን ቤቴ ቡና ሊጠጣ መጣ። ሁለተኛው እየተቀዳ፣ “ጋሼ፣ ‘አበበ ቢቂላ ካፌ’ ብለውስ? ፎቶውንም በር ላይ በትልቁ እሰቅላለሁ። ማን ይከለክለኛል? የሁላችን አይደል እንዴ!” አለኝ።

አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ምሽት፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። በማግሥቱ መስከረም 1 ቀን 1953 ዛሬም የምንዳኝበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ዝናውና ሕጉ የአንድ ሌሊት ታላቅና ታናሽ ናቸው ማለት ነው።

የሕጉ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለፈቃዱ በአደባባይ አይታይም፣ አይባዛም፣ ለሽያጭ አይቀርብም ይላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ለዝነኛ ሰው ሲሆን በሩን ገርበብ ያደርገዋል፤ ዝናው ወይም ሹመቱ ምክንያት ከሆነ ፈቃድ አይጠየቅም። ይህ ለጋዜጣ የተባለ እንጂ ለሳሙና መጠቅለያ የተባለ አይመስለኝም። አለአግባብ የነገደበትን ሰው ፍርድ ቤት በበለጸገበት ልክ ካሣ ሊያስከፍለው ይችላል።

አበበ ግን ጥቅምት 15 ቀን 1966 አርፏል። ለሟች ሕጋችን ቆጠብ ይላል፤ ዘመድ ምስሉን በተመለከተ መከራከር የሚችለው አጠቃቀሙ የሟቹን ክብር የሚነካ ሲሆን ነው። የተከበረ ፎቶ ካፌ በር ላይ መሰቀሉ ክብር ነካ ለማለት ይከብዳል።

አሜሪካ ውስጥ የዋሽንግተን ግዛት ሕግ ግን የሰው ስም እንደ ቤት ለወራሽ ይተላለፋል ይላል። ቪብራም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ በ2010 (እንደ አውሮፓውያን) ለእያንዳንዱ ጣት ለየብቻ ማስገቢያ የተሠራለት ጫማ አወጣና “ቢኪላ” አለው። በባዶ እግሩ ባሸነፈ ሰው ስም ጫማ መሸጥ! ቤተሰቡ በ2015 እዚያው ዋሽንግተን ግዛት በሚገኝ ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ። ዳኛው በ2016 ክሱን ዘጋው። ምክንያቱ ስሙ የእነሱ አይደለም የሚል አልነበረም፤ ጉዳዩን በ2011 አውቃችሁ አራት ዓመት ዝም ብላችኋል የሚል ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ኩባንያው ለጫማው ገንዘብ ሲያፈስስበት ቆይቷል።

ለዚህ ነው ስሙ የሚያስነግድ ሰው ቀድሞ በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የንግድ ምልክት አድርጎ ቢያስመዘግበው የሚሻለው። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ በየ7 ዓመቱም ይታደሳል። ያን ጊዜ ሙግቱ ስለ ክብር መሆኑ ይቀርና ስለ ምዝገባ ወረቀት ይሆናል፤ ወረቀት ደግሞ ለማስረዳት ይቀላል።

“እና ልተወው?” አለኝ፣ ስኒውን እያስቀመጠ።

“መጀመሪያ ምልክቱ ተመዝግቦ እንደሆነ አጣራ። ከዚያ ለልጆቹ ደብዳቤ ጻፍ። የአባታቸው ስም ነው፣ ይሉኝታም አለ።”

አንገቱን ደፋ። “ለሰዓሊው ቀብድ ሰጥቻለሁ እኮ፣ ጋሼ።”